የፋብሪካ ሰፈር ድርጅቶች ኅብረት ሊመሠርቱ ነው፣ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ቶርኖ ቤት
ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ስለሚል ካሁኑ ይቅርታ።

ትንሽ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። ሁለት ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚፍቅ ማሽን)፣ አንድ ፍሬዛ፣ አንድ የላሜራ ማጠፊያ፣ እኔን ጨምሮ ዘጠኝ ሰው። ያለነው ፋብሪካና መጋዘን ግራና ቀኝ በተሰለፈበት መንገድ ላይ ነው፤ ከጀርባችን መኖሪያ ሰፈር አለ። ባለፈው ወር ሦስት ሰዎች መጡ። አንዱ የትልቁ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ አንዱ መጋዘን አከራይ፣ ሦስተኛዋ ላፕቶፕ የያዘች ወጣት። "የአካባቢው ድርጅቶች ኅብረት ልንመሠርት ነው፣ አባል ሁን" አሉኝ። መዋጮው በድርጅቱ ስፋት ነው። በገንዘቡ መንገዱ መብራት ያገኛል፣ የጋራ ጥበቃ ይቀጠራል፣ የሰፈሩ ወጣቶች ይሠለጥናሉ፣ የአካባቢው ኢኮኖሚ ያድጋል።

ወረቀቱን ሰጥተውኝ ሄዱ። 14 ገጽ ነው። ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። "ልማት" የሚለው ቃል 31 ጊዜ አለ፣ ቆጥሬዋለሁ። "የጎርፍ ቦይ" አንድ ጊዜ፣ እሱም አባሪው ውስጥ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ቦዩ ነው። ዝናቡ ጠንከር ሲል ከላይ ካሉት መጋዘኖች ጣሪያ የወረደው ውሃ በሙሉ በእኔ በር ስር ይገባል። ባለፈው የማጠፊያው ሞተር ውሃ ገብቶበት ሁለት ሳምንት ሥራ ፈታን። ልጆቹ አሸዋ የሞላ ጆንያ ሲደረድሩ ነው ያመሹት፣ እኔ ደግሞ በመጥረጊያ ውሃ ስገፋ።

እስቲ እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ የገባ ካለ ይንገረኝ። ትንሹ ያዋጣል፣ ትልቁ ይወስናል ብዬ ነው የምፈራው። "ድር ቢያብር" ብላችሁ እንዳትጀምሩኝ፣ ተረቱን አውቀዋለሁ።

የመጋዘን ሰው
ግባ ነው የምልህ። ግን ለመብራቱ ብለህ አይደለም።

እኛ ጋ የተጀመረው በአንድ ችግር ብቻ ነበር። መኪና። ጠዋት ጠዋት ተሳቢዎቹ መንገዱ ላይ ይሰለፋሉ፣ የአንዱ ድርጅት በር የሌላውን ይዘጋል፣ ሾፌሮቹ ይሰዳደባሉ፣ ሠራተኛው በመኪና መሃል እየተሹለከለከ ይገባል። ስድስት መጋዘኖች ተቀምጠን ሰዓት ተከፋፈልን። ያንተ ከ1 እስከ 3፣ የእኔ ከ3 እስከ 5፣ እንዲህ እንዲህ። ከወረቀትና ከእስኪሪብቶ በስተቀር ምንም አላወጣንም። በሁለተኛው ሳምንት ሰልፉ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ነው ሰው መተማመን የጀመረው። ሥልጠናው፣ መብራቱ፣ ምኑ ቅጡ ቀስ ብሎ መጣ። ያንተዎቹ ከ14 ገጽ መጀመራቸው ትንሽ አስፈርቶኛል።

ደረሰኝ አምጡ
እኔ ደግሞ የተቃጠልኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ በጥርጣሬ ስሙኝ።

የአንድ እንዲህ ዓይነት ኅብረት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ስሙን አልጠራም። በመጀመሪያው ዓመት ከሦስት ድርጅት ሁለቱ ከፈሉ። ጥሩ ነው አልን። መብራት ተከልን፣ ጥበቃ ቀጠርን። መብራቱ ግን ለከፈለው ብቻ አይበራም። ጥበቃውም ሌባ ሲያይ "ይሄ ያልከፈለ ሰውዬ ግቢ ነው" ብሎ ፊቱን አያዞርም። በሁለተኛው ዓመት የከፈሉት መጠየቅ ጀመሩ፦ "ያ ሰውዬ በነጻ እየተጠበቀ እኔ ለምን እከፍላለሁ?" እውነታቸውን ነው። በሦስተኛው ዓመት የከፈሉት አራት ድርጅቶች ናቸው። የቀረው ቃለ ጉባኤና አንድ ማኅተም ነው። ማኅተሙ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ይሄ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ቶሮንቶ ውስጥ ብሎር ዌስት ቪሌጅ የሚባል መንገድ አለ። ከመሬት በታች ባቡር ሲመጣ መንገደኛው ከላይ ጠፋ፣ ገበያውን ደግሞ ትልልቅ የገበያ ማዕከሎች ወሰዱት። ነጋዴዎቹ በውዴታ መዋጮ ሞክረው ያው እንደኛ አልሆነላቸውም። ከዚያ ሕግ ይውጣልን ብለው ጠየቁ፦ በዚህ ክልል ያለ ነጋዴ ሁሉ ይክፈል፣ ከተማው እንደ ግብር ይሰብስብልን፣ ገንዘቡን ግን እኛ እናዝዝበት። በ1970 ተፈቀደላቸው። (ዓመቱ በፈረንጅ ነው፣ ከዚህ በኋላ የምጽፈውም።) ዛሬ በብዙ አገር ያለው አሠራር ከዚያ የመጣ ነው፣ የፋብሪካ ሰፈሮችም ወስደውታል።

ስለዚህ ቶርኖ ቤት፣ የመጀመሪያ ጥያቄህ "ያልከፈለ ምን ይሆናል?" ይሁን። መልስ ከሌላቸው ገንዘብህን አታውጣ።

ቶርኖ ቤት
@ደረሰኝ አምጡ ወንድሜ፣ አስገድዶ ማስከፈልማ ስሙ ተለየ እንጂ ግብር አይደለም እንዴ? ትልልቆቹ ተሰብስበው ይወስኑና እኔ በግድ እከፍላለሁ ማለት ነው። የፈራሁት እኮ ይሄንኑ ነው።

ደረሰኝ አምጡ
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እንግሊዞቹም ተጨንቀውበታል። በ2003 ሕግ ሲያወጡ ድምፁ ሁለት ጊዜ እንዲቆጠር አደረጉ። አንደኛ በራስ ቁጥር፣ ማለትም ድምፅ ከሰጡት ድርጅቶች ከግማሽ በላይ "እሺ" ማለት አለባቸው። ሁለተኛ በንብረት ግምት፣ ማለትም "እሺ" ያሉት ድርጅቶች ይዞታ ግምት "እንቢ" ካሉት መብለጥ አለበት። ሁለቱም ካልተሟሉ ቀረ። ትልልቆቹ ብቻቸውን በትንንሾቹ ላይ አይጭኑም፣ ትንንሾቹም በቁጥር ተነስተው የትልቁን ኪስ አያወልቁም።

ደግሞ ዕድሜው ቢበዛ አምስት ዓመት ነው። ከዚያ እንደገና ድምፅ ይሰጣል። ካልጠቀመ ይሞታል። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ይሄን ነው። የእኛው መሞቱን እንኳ ሳናውቅ ነው የሞተው።

ከአጥሩ ወዲያ
እናንተ ስለ ድርጅት ታወራላችሁ፣ እኔ አጥሩን ተሻግሬ ያለሁ ነኝ።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትምህርት ቤታቸው ከመኪናው መንገድ ማዶ ነው። ልብስ ውጭ አላሰጣም፤ ነጭ ልብስ ከሆነማ ጭራሽ፣ ማታ ሳስገባው የአንገቱ መታጠፊያ ላይ ጥቁር ብናኝ ይዞ ይገባል፣ በጣቴ ስጠርገው እንደ እርሳስ ይሰመራል። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ሽታ አለ። የጎማ ይሁን የቀለም አላውቅም። ጉሮሮ ይይዛል።

"ማኅበረሰቡን እንደግፋለን" የሚሉት በዓመት አንዴ ይመጣሉ። ለልጆቹ ቦርሳ ይሰጣሉ፣ ቦርሳው ላይ የድርጅቱ ምልክት አለ፣ ልጆቹ ተሰልፈው ፎቶ ይነሳሉ። ቦርሳውን አልጠላሁም፣ ልጄ እስካሁን ይይዘዋል። ግን አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ "ምን ያስቸግራችኋል?" ብሎ ጠይቆን አያውቅም። ቢጠይቁን እኮ ቦርሳ አንልም። ሌሊት ያ ሽታ ሲመጣ ሰው የሚያነሳው አንድ ስልክ ቁጥር ነው የምንለው። በቃ።

ማታ ፈረቃ
እህቴ እውነትሽን ነው፣ ያልሽው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ።

እኔ የኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ ደኅንነት ላይ ነው የምሠራው። ቦፓልን የማያውቅ ካለ፦ ሕንድ፣ በፈረንጅ ታኅሣሥ 1984፣ ሌሊት ላይ ከፋብሪካ መርዛም ጋዝ አምልጦ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ከአጥሩ ወዲያ ተኝተው የነበሩ ናቸው። ጎረቤታቸው ምን እንደሚያመርት፣ ቢያመልጥ ወዴት እንደሚሮጡ የነገራቸው አልነበረም። በማግስቱ ዓመት የካናዳ ኬሚካል ፋብሪካዎች ራሳቸው ለጎረቤት ማሳወቅን ጭምር ግዴታ የሚያደርግ ቃል ገቡ። በ1988 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ፋብሪካ፣ አስተዳደርና ነዋሪ አብረው አደጋ የሚያስቡበትን አሠራር አወጣ።

እኔ የምለው፣ የድርጅቶች ኅብረት አንድ ነገር ብቻ ይሥራ ቢባል ይሄን ይሥራ። የትኛው ግቢ ውስጥ ምን አለ፣ ማን ጋ ይደወላል፣ ሳይረን ሲጮህ ሰው ቤት ይግባ ወይስ ይውጣ። ብቻውን የሚችል ድርጅት የለም። የእኔ ፋብሪካ ሳይረን ቢጮህ የጎረቤቱ ፋብሪካ ሠራተኛ ልምምድ ነው ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ባለፈው እንዲያ ሆኗል። ልምምድ በመሆኑ ተረፍን።

የመጋዘን ሰው
@ከአጥሩ ወዲያ ስለ መኪናው መንገድ አንድ ነገር ልበል። እኛ ሰዓት ስንከፋፍል ልጆች ትምህርት ቤት የሚገቡበትንና የሚወጡበትን ሰዓት አላሰብንም ነበር። አንድ ሾፌር ነው ያስታወሰን፣ እሱም ልጅ ስላለው። ከዚያ በእነዚያ ሁለት ግማሽ ሰዓቶች ተሳቢ አይንቀሳቀስም አልን። የሞተ ሰዓት አገኘን ብለው ሾፌሮቹ ጎማ ይፈትሻሉ፣ ዕቃ ያስራሉ። እውነቱን ልናገር፣ እናንተ ስብሰባው ላይ ብትኖሩ ያንን ለማሰብ አራት ወር አይፈጅብንም ነበር።

አስተባባሪ የነበረች
ይሄን ክር አሁን ገና አየሁት። እንዲህ ዓይነት ኅብረት ውስጥ አምስት ዓመት ደመወዝ እየተከፈለኝ ሠርቻለሁ፣ ላፕቶፕ የያዘችው ልጅ እኔ ነበርኩ ማለት ነው። 14 ገጹን ማን እንደጻፈው እገምታለሁ። ገንዘብ የሚሰጠው አካል "ልማት" የሚለውን ቃል ካላየ አይፈርምም፣ ምን ታድርግ።

ሥራዬ ምን ነበር? መራመድ። መጀመሪያ ሦስት ወር ማስታወሻ ደብተር ይዤ 60 በር አንኳኳሁ። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ በሳምንት ውስጥ በጣም የሚያናድድህ ምንድን ነው? ከዚህ መንገድ ላይ ማንን ታውቃለህ? ምን ትጥላለህ? ሁለተኛው ጥያቄ ያሳዝናል። 12 ዓመት ጎን ለጎን ኖረው ስም የማይተዋወቁ ሥራ አስኪያጆች አግኝቻለሁ።

ደብተሩን ቤት ወስጄ ሳነበው ነገሩ ፍንትው አለ። አራት ድርጅቶች የፍሳሽ መምጠጫ መኪና እያንዳንዳቸው ለብቻ ይጠራሉ፣ በአራት የተለያየ ቀን፣ መኪናው ግማሽ እየሞላ ይመለሳል። ሦስት ድርጅቶች የሠራተኛ ሰርቪስ አላቸው፣ ሦስቱም በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት፣ ግማሽ ወንበር ባዶ። አንዱ የእንጨት ፓሌት ያቃጥላል፣ ሁለት በር አልፎ ያለው ፓሌት ይገዛል። እነዚህን ማገናኘት ገንዘብ አይፈልግም። ሰው ነው የሚፈልገው፣ ያ ሰው ደግሞ ሌላ ሥራ የሌለው መሆን አለበት። ሥራ አስኪያጅ በትርፍ ሰዓቱ አስተባብራለሁ ካለ አትመኑት። ትርፍ ሰዓት የለውም።

ስለዚህ @ቶርኖ ቤት ሁለተኛ ጥያቄህን ልስጥህ፦ "ከመዋጮው የማን ደመወዝ ይከፈላል?" ማንም ካሉህ ነገሩ ስብሰባ ብቻ ነው።

ደረሰኝ አምጡ
አስተባባሪዋ ጥሩ ብላለች፣ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የደመወዝሽ ስንት እጅ በመዋጮ ተሸፍኖ ነበር? እርዳታው ሲያልቅስ?

አስተባባሪ የነበረች
አይ አንተ፣ ቁስሌን ነካህብኝ። በመጀመሪያ ሁለት ዓመት ግማሹን እንኳ አይሸፍንም ነበር። በአምስተኛው ሙሉ በሙሉ ተሸፈነ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ሌላ ሰው ቀጥረዋል፣ አሁንም አለ።

የሆነው በሰርቪሱ ነው። ሦስቱን አውቶብስ አንድ ስናደርገው እያንዳንዱ ድርጅት ስንት እንዳተረፈ ወረቀት ላይ ጽፌ ከመዋጮው አጠገብ አስቀመጥኩላቸው። ከዚያ በኋላ ደመወዜን አልተከራከሩም። በንግግር ግን ሁለት ዓመት ለፍልፌ ነበር።

ኬሚስቱ
ስለ መጣል ስትጽፊ ካሉንቦር ትዝ አለኝ። ዴንማርክ ውስጥ ያለች ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። በፈረንጅ 1972 የጂፕሰም ቦርድ ፋብሪካ ሲከፈት ከነዳጅ ማጣሪያው የሚቃጠለውን ትርፍ ጋዝ ለማድረቂያው ወሰደ። ከዚያ ኃይል ማመንጫው እንፋሎቱን ለጎረቤቶቹ ሸጠ፣ በትርፉ ሙቀት የከተማው ቤቶች ሞቁ። ከጭሱ ላይ ሰልፈር ለማጣራት መሣሪያ ሲተክሉ ደግሞ ተረፈ ምርቱ ጂፕሰም ሆኖ ተገኘ፣ እሱን ቦርድ ፋብሪካው ገዛ። የመድኃኒትና የኢንዛይም ፋብሪካዎቹ ዝቃጭ ለገበሬ ማዳበሪያ ሆነ።

የሚገርመው ማንም ዕቅድ አላወጣም። የከርሰ ምድር ውሃ አነሰባቸው፣ ተነጋገሩ፣ ከሐይቅ ውሃ ሳቡ። ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው የተዋዋሉት። ለሥራቸው ስም የወጣለት በ1989 ነው፣ ከመጀመሪያው ውል 17 ዓመት በኋላ! ሥራ አስኪያጆቹ በትንሽ ከተማ ስለሚኖሩ እርስ በርስ ይተዋወቁ ነበር፣ ምሥጢሩ እሱ ነው ይላሉ። የአስተባባሪዋ ሁለተኛ ጥያቄ ማለት ነው።

ደረሰኝ አምጡ
@ኬሚስቱ ይሄን ታሪክ በየስብሰባው እሰማዋለሁ፣ ሁሌ ግማሹ ይቀራል። አንዱ ሲቆም ሌላውስ? ኃይል ማመንጫው ከድንጋይ ከሰል ወደ እንጨት ዞሯል። ከሰሉ ሲቀር ከጭሱ የሚገኘው ጂፕሰምም አብሮ ይቀራል።

ኬሚስቱ
ልክ ነህ። ለዚህ ነው ውሉ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚጻፈው፣ መውጫው ጭምር። አንዱ ክር ሲበጠስ ጠቅላላው አይተረተርም፣ እዚያም አልተተረተረም። በአንድ ሻጭ ላይ ብቻ የቆመ ፋብሪካ ግን ያስፈራል፣ አልክድም።

ማታ ፈረቃ
የሥልጠናው ጉዳይስ? የእኛ ሰፈር ልጆች ሦስት ሦስት ሰርተፍኬት አላቸው። ሥራ የለም። አንዱን የማውቀው ልጅ ሰርተፍኬቶቹን በፕላስቲክ ሸፍኖ በፍራሹ ስር ነው የሚያስቀምጣቸው፣ እንዳይታጠፉ።

አስተባባሪ የነበረች
እኛም በመጀመሪያው ዓመት ያንኑ ስህተት ሠራን። 40 ልጅ ኮምፒውተር አሠለጠንን። የቀጠረ ድርጅት የለም፣ ምክንያቱም ማንም ኮምፒውተር የሚችል አልጠየቀም። የጠየቁት ፎርክሊፍት ነጂ፣ ቀጥ ያለ ብየዳ የሚችል፣ ሜትር በትክክል የሚያነብ ሰው ነው። በሁለተኛው ዓመት ገለበጥነው። ድርጅቱ መጀመሪያ "ይሄን የሚችል አራት ሰው እቀጥራለሁ" ብሎ ይፈርማል፣ ከዚያ አራት ሰው ይሠለጥናል። አራት። አርባ አይደለም። ሪፖርት ላይ አያምርም፣ ፎቶም አይወጣም፣ ግን አራቱም ደመወዝ በሉ።

ኬሚስቱ
አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ ያደረጉት ወደዚህ ይጠጋል። በ2008 ትልልቅ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲ ባሉበት፣ ዙሪያቸው ግን ድሃ በሆነ ሰፈር፣ "እነዚህ ተቋማት ምን ይገዛሉ?" ብለው ተነሱ። የሆስፒታል አንሶላ ማጠብ። በ2009 ሠራተኞቹ ባለቤት የሆኑበት ልብስ ማጠቢያ ከፈቱ። አልጋ በአልጋ አልነበረም፣ ተቋማቱ የቆየ ውል ነበራቸው። ክሊቭላንድ ክሊኒክ የራሱን ትልቅ ማጠቢያ እንዲያስተዳድሩለት የሰጣቸው በ2018 ነው። ልብ በሉ፣ ዘጠኝ ዓመት። ኅብረታችሁ ውስጥ ያለው ትልቁ ፋብሪካ ከሰፈሩ ምን ይገዛል? ይሄን ብትጠይቁ ከቦርሳው ይሻላል።

የመጋዘን ሰው
እውነቱን ለመናገር መጋዘን ብዙ ሰው አይቀጥርም። ሰፊ መሬት ይዤ 11 ሰው ነው ያለኝ። ሰፈሩ ቅር ቢለው አልፈርድም።

ኬሚስቱ
ሚልዋኪ የምትባል ሌላ የአሜሪካ ከተማ ይሄን አስበውበታል። ሜኖሞኒ ሸለቆ የባቡር መሥሪያ ወርክሾፖች የነበሩበት ቦታ ነው፣ በ1985 ተዘግተው መሬቱ ተበክሎ ቀረ። በ1999 ድርጅቶች፣ ከተማውና ነዋሪው ያሉበት ኅብረት ተቋቋመ፣ በ2003 ከተማው መሬቱን ወሰደ። ከዚያ ለሚገባው ድርጅት ሁሉ መስፈርት ወጣ፦ በአንድ ኤከር ቢያንስ 22 ሥራ። በሄክታር ሲሰላ ወደ 54 ይሆናል። መጋዘን እንዳይወርረው ነው፣ ይቅርታ @የመጋዘን ሰው።

አንድ ነገር ደግሞ ለ@ቶርኖ ቤት። የዝናቡን ውሃ እያንዳንዱ ድርጅት በግቢው ኩሬ ቆፍሮ እንዲይዝ አላደረጉም። ወደ አንድ የጋራ ቦታ እንዲወርድ አደረጉት፣ ውሃው ተጣርቶ ወደ ወንዙ ይገባል፣ ቦታው ለሰፈሩ መናፈሻና ኳስ ሜዳ ሆነ። ድርጅቱ መሬት ተረፈው፣ ልጁ መጫወቻ አገኘ። ቦዩን ከአባሪው አውጣና ገጽ 1 ላይ አድርገው።

ቶርኖ ቤት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስብሰባው ቅዳሜ ነው። ሦስት ጥያቄ ጽፌ ኪሴ ከትቻለሁ፦ ያልከፈለ ምን ይሆናል፣ የማን ደመወዝ ይከፈላል፣ ነዋሪው የት ይቀመጣል። አራተኛው ቦዩ ነው፣ እሱን አልጻፍኩትም፣ በቃሌ አውቀዋለሁ።

(ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ቶርኖ ቤት
ተመለስኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ጥያቄዎቹን ጠየቅሁ። በመጀመሪያው ዝም አሉ። ለጊዜው በውዴታ ሆኖ በዓመቱ መጨረሻ በሁለት ቆጠራ ድምፅ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረብኩ፣ ከዚህ የሰረቅሁት መሆኑን አልተናገርኩም። ተቀበሉ። የሁለተኛው መልስ ላፕቶፕ የያዘችው ልጅ ናት፣ ሙሉ ጊዜ ትሠራለች፣ ደመወዟ ለሁለት ዓመት ከትልቁ ፋብሪካ፣ ከዚያ ከመዋጮ። ለነዋሪ ሁለት ወንበር ተባለ። እኔ ሦስት ብዬ ነበር።

ስለ ቦዩ ስናገር የትልቁ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ "አሁን እንሂድና እንየው" አለ። በስብሰባ ጫማው። ከላይ ከመጋዘኖቹ ጀምረን ወረድን። እኔ መንገዱን በሙሉ ስለ መጋዘኖቹ ጣሪያ እያወራሁ ነው። እኔ በር አጠገብ ከመንገዱ ስር የሚያልፍ ቱቦ አለ፣ አፉ ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል። አንዱ ጥበቃ በዶማ ጎትቶ አወጣው። ላይ ላዩ የመጋዘኖቹ የማሸጊያ ፕላስቲክ ነው። ውስጡ ግን ያንን ሁሉ ፕላስቲክ እንደ መረብ ጠርንፎ የያዘው ተጠምዝዞ የሚወጣው የቶርኖ ፍቅፋቂ ነበር፣ ዝጎ፣ እርስ በርሱ ተጠላልፎ።

በመንገዱ ላይ ቶርኖ ያለው እኔ ብቻ ነኝ።

ምን ልበላችሁ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልጆቹ ማታ ሲጠርጉ በበሩ በኩል ይገፉት ኖሯል፣ እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ። ሥራ አስኪያጁ ምንም አላለኝም። ዝም ብሎ ፍቅፋቂውን አየና "ይሄንን የሚገዛ ሰው አለ እኮ" አለኝ። አሁን በርሜል ውስጥ እናጠራቅማለን፣ ልጅቷ በወር አንዴ የሚወስድ ሰው አገናኝታኛለች። ጣሪያው ግን አሁንም ችግር ነው፣ እሱን አልተውኩም።

ደረሰኝ አምጡ
ሃሃ! ወንድሜ፣ ይሄን መጻፍህ ራሱ ወንድነት ነው። መዋጮህን ከፈልክ?

ቶርኖ ቤት
ከፈልኩ። ደረሰኝ ይዣለሁ፣ አትጠይቀኝ።

አስተባባሪ የነበረች
ልጅቷ ደብተር ይዛ በር ማንኳኳት ጀምራለች?

ቶርኖ ቤት
ላፕቶፑን ትታ ደብተር ይዛለች። 23 በር ደርሳለች። ውሻ አንዴ አባሯታል።

ማታ ፈረቃ
ስልኩስ? የሌሊቱ ስልክ?

ከአጥሩ ወዲያ
ስለ ስልኩ እኔ ልመልስ። እኔም ከነዋሪ ወንበሮቹ አንዱ ላይ ነኝ አሁን፣ ከቶርኖ ቤት ጋር በአንድ መንገድ የምንኖር ጎረቤቶች መሆናችንን ስብሰባው ላይ ነው ያወቅነው። ቁጥሩ በየበሩ ተለጥፏል። ትናንት ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ደወልኩ። በሦስተኛው ጥሪ ተነሳ።

ማታ ፈረቃ
ሽታ ነበር?

ከአጥሩ ወዲያ
አይ፣ አልነበረም። ይነሳ እንደሆን ልየው ብዬ ነው። ሰውዬው ተቆጣኝ።